ኮዱ ከነማብራሪያው ይምጣ፦ ስለ አንድ የሬክታንግል ክላስ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጅማ ከተማ የምኖር፣ ለመሥሪያ ቤቶችና ለንግድ ድርጅቶች ሶፍትዌር በመሥራት የምተዳደርና በትርፍ ጊዜዬ ወጣቶችን ፕሮግራሚንግ የማስተምር ባለሙያ ነኝ። አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን ኮዲንግ ለማሠልጠን የታቀደው አገር አቀፍ መርሐ ግብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ ወዲህ ስለ ሠልጣኞች ብዛት፣ ስለ ሰርተፍኬትና ስለ ሥራ ዕድል በመገናኛ ብዙኃን ብዙ ተብሏል፤ መባሉም ተገቢ ነው። ነገር ግን ሠልጣኙ የጻፈውን ኮድ ነገ ሌላ ሰው ተረክቦ እንዲሠራበት አብሮ መጻፍ ስላለበት ማብራሪያ፣ እኛ በሙያው ዶክመንቴሽን ስለምንለው ነገር፣ እምብዛም ሲነሣ አልሰማሁም። ጉዳዩን በጥቅሉ ባነሣው ሁሉም «እውነት ነው» ብሎ ስለሚያልፈው፣ በአንዲት ትንሽ ነገር ላይ ብቻ ቆይቼ ላሳይ ፈልጌያለሁ፤ እሷም በፕሮግራሚንግ ላይብረሪዎች ውስጥ የምትገኘው የሬክታንግል (የአራት ማዕዘን ቅርጽ) ክላስ ናት።

ከሙያው ውጭ ላለ አንባቢ ያህል፣ ላይብረሪ የምንለው አንድ ጊዜ ተጽፎ ብዙ ፕሮግራመሮች በየሥራቸው የሚጠቀሙበትን የኮድ ስብስብ ነው፤ ክላስ ደግሞ የአንድ ዓይነት ነገር ይዘትና ተግባር በአንድነት የሚደነገግበት የኮድ ክፍል ነው። የሬክታንግል ክላስ ብዙውን ጊዜ አራት ቁጥሮችን ይይዛል፤ እነዚህም የአንዱ ማዕዘን አግድም መገኛ፣ የዚያው ማዕዘን ቁም መገኛ፣ ወርድና ቁመት ናቸው። ከዚያም ይህ ነጥብ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ፣ እነዚህ ሁለት ሬክታንግሎች ይደራረባሉ ወይስ አይደራረቡም፣ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያቅፈው የትኛው ነው ለሚሉ ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል። በስልካችን ላይ ከምንነካው ቁልፍና በካርታ ላይ ከምናጎላው ሰፈር በስተጀርባ እንዲህ ያለ ሬክታንግል አለ። ቅርጹ ማንም ተማሪ የሚያውቀው በመሆኑ ማብራሪያ የሚያስፈልገው የማይመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ከተማሪዎቼም ከሥራ ባልደረቦቼም የምከራከረው በዚሁ ነው።

አግድም መነሻው 10፣ ቁም መነሻው 20፣ ወርዱ 100፣ ቁመቱ 50 የሆነ ሬክታንግል እንውሰድ። የቀኝ ጠርዙ የት ላይ ነው? በትምህርት ቤት ሒሳብ መልሱ 110 ነው። ኪውት በተባለው ታዋቂ ላይብረሪ ውስጥ ግን ኪውሬክት የሚባለው ክላስ ቀኝ ጠርዙን ሲጠየቅ 109 ብሎ ይመልሳል፤ ቁጥሮቹ ፒክስሎች፣ ማለትም ስክሪኑ የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች፣ ናቸው ከተባለ፣ ከ10 ጀምረን 100 ፒክስሎች ብንቆጥር የመጨረሻው ባለ 109 ቁጥሩ ነውና። በዚያው ላይብረሪ ውስጥ ኪውሬክትኤፍ የሚባል ወንድሙ አለ፤ እሱ አስርዮሽ ቁጥሮችን የሚቀበል ሲሆን ለተመሳሳዩ ጥያቄ 110 ብሎ ይመልሳል። ስማቸው የሚመሳሰል፣ ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት ክላሶች በአንድ ቁጥር ይለያያሉ ማለት ነው። ይህን ልዩነት ፕሮግራመሩ በምን ያውቃል? የኪውት ማብራሪያ ነገሩን ሳይሸሽግ፣ መልሱ ከታሪካዊ ምክንያት የተነሣ እንዲህ እንደሆነ ይነግረዋል፤ እውነተኛውን ጠርዝ የፈለገ ሰውም መነሻውን ከወርዱ ጋር እንዲደምር ይመክረዋል። በስንት ፕሮግራሞች ውስጥ የገባን ነገር ዛሬ ማስተካከል ሌላውን ሁሉ ስለሚያናጋ፣ ያለው አማራጭ በግልጽ መጻፍ ነበርና ጽፈውታል። እኔ እንዲህ ያለችውን ማስታወሻ ከብዙ ገጽ ኮድ በላይ አከብራታለሁ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ጠርዝ ራሱ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ የሚለው ነው። በዊንዶውስ ሥርዓት የተለመደው የግራና የላይ ጠርዝ ላይ ያለ ነጥብ ውስጥ፣ የቀኝና የታች ጠርዝ ላይ ያለ ነጥብ ደግሞ ውጭ ተብሎ እንዲቆጠር ነው። ፓይጌም በተባለው፣ ፓይተን ለሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ በተሠራው ላይብረሪም የቀኙና የታቹ ጠርዝ በሬክታንግሉ ውስጥ አይገባም፤ ጠርዝ ለጠርዝ የተጠጉ ሁለት ሬክታንግሎችም ተጋጩ አይባሉም። ይህ አሠራር እንዲሁ በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1982 በጻፋት አጭር ማስታወሻ፣ የቁጥሮችን ተከታታይ ስንወስን መነሻውን ማካተትና መድረሻውን አለማካተት የሚበጅበትን ምክንያት አስረድቷል፦ የሁለቱ ጫፎች ልዩነት ልክ ርዝመቱን ይሰጣል፣ ተከታትለው የሚመጡ ሁለት ክፍሎችም ሳይደራረቡና ክፍተት ሳይተዉ ይገጣጠማሉ። አሳማኝ ነው፤ እኔም በራሴ ሥራ የምከተለው ይህንኑ ነው። ዳሩ ግን ምክንያቱ አሳማኝ ስለሆነ ብቻ አንባቢው ያውቀዋል ማለት አይደለም፤ በትምህርት ቤት የተማረው ሬክታንግል አራቱንም ጠርዞች የያዘ ነበርና።

ነገሩ የፒክስል ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል አንድ ከሥራ የገጠመኝን ልጥቀስ። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት የይዞታ ማኅደሮችን በካርታ ላይ ነጥብ በመንካት የሚፈልግ ፕሮግራም ነበረው። በሁለት ይዞታዎች ድንበር ላይ ሲነካ አንዳንዴ የሁለቱንም ባለይዞታዎች ማኅደር ያወጣል፣ አንዳንዴ ደግሞ ማንንም አያወጣም። ኮዱን ስመረምር ሬክታንግሉ አንድን ነጥብ «ይዣለሁ» የሚልባቸው ሁለት ሜተዶች (በክላሱ ውስጥ አንድ ተግባር የሚፈጽሙ የኮድ ክፍሎች) አገኘሁ፤ አንደኛው ጠርዙን ያካትታል፣ ሁለተኛው አያካትትም። የጻፈው ባለሙያ ሥራውን ከለቀቀ ቆይቷል፣ ከሁለቱም ሜተዶች በላይ አንድ መስመር ማስታወሻ እንኳ የለም። ኮዱ ምን እንደሚያደርግ ከኮዱ አነበብኩ፤ ምን እንዲያደርግ ታስቦ እንደነበረ ግን ከየትም ማንበብ አልቻልኩም። ሁለቱም ሆን ተብለው ለየቅል የተጻፉ ናቸው? ወይስ አንዱ ስሕተት ነው? «ማብራሪያ ምን ያደርጋል፣ ኮዱን አንብብ» ለሚሉ ሁሉ የምመልሰው ይህንን ነው። ኮድ ብቻውን ስሕተትንም ውሳኔንም በአንድ ዓይነት ፊት ያቀርባቸዋል።

ካርታ ካነሣን አይቀር፣ የሬክታንግል ማብራሪያ የአቅጣጫን ነገር ካልተናገረ ምን እንደሚከተል እንይ። በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ቁም ቁጥር የሚያድገው ከላይ ወደ ታች ነው፤ ስለዚህ «ቶፕ» የሚባለው ጠርዝ አነስተኛው ቁጥር ነው። በአገራችን የቅየሳ ሥራ የተለመደው ዩቲኤም የተባለው የመገኛ ሥርዓት ደግሞ ቁጥሩን ወደ ሰሜን ያሳድጋል። ጅማ በዞን 37 ውስጥ ስትሆን፣ ወደ ሰሜን የሚለካው ቁጥሯ ከ840 ሺህ ሜትር በላይ ነው። ለስክሪን በተሠራ የሬክታንግል ክላስ ውስጥ የቅየሳ ቁጥሮችን ያስገባ ሰው «ቶፕ»ን ሲጠይቅ የሚያገኘው የይዞታውን ደቡባዊ ጠርዝ ነው። ፕሮግራሙ አይቆምም፣ ቀይ ጽሑፍም አያሳይም፤ ሰሜንና ደቡብን ግን አገላብጦ ይሰጣል። «ቁም ቁጥር ወደ ታች ያድጋል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር በክላሱ አናት ላይ ብትኖር ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

የቁጥሩ ዓይነትም እንደዚሁ ነው። ክላሱ ቁጥሮቹን በ32 ቢት አስርዮሽ የሚይዝ ከሆነ (ቢት ኮምፒውተር መረጃ የሚይዝበት ትንሹ መለኪያ ነው)፣ ከላይ በጠቀስኩት መጠን ባለ ቁጥር ላይ በሁለት ተከታታይ እሴቶች መካከል ያለው ርቀት 6.25 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከዚያ የቀረበን ነገር ሊለይ አይችልም። ለስክሪን ቁልፍ ይህ ምንም አይደለም። ለድንበር ግን አጥር የሚያህል ነገር ነው፤ በከተማችን በአንድ ክንድ መሬት ስንት ጎረቤት እንደተካሰሰ የምናውቅ ሰዎች ጉዳዩን ቀላል አንለውም። በ64 ቢት ሲያዝ ልዩነቱ ከሚሊ ሜትር እጅግ ያነሰ ስለሚሆን ችግሩ ይጠፋል። እንግዲህ ማብራሪያው የትኛው እንደሆነ መናገር አለበት፤ ተጠቃሚው ለምን ሥራ እንደሚያውለው ጸሐፊው አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልምና።

ባዶ የሆነው ሬክታንግል ከሁሉም በላይ የሚረሳው ነው። ወርዱ ዜሮ ቢሆንስ? ከዜሮ በታች ቢሆንስ? ጃቫ በተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ያለው የሬክታንግል ማብራሪያ ሁለቱን በጥንቃቄ ይለያቸዋል፦ ወርዱ ወይም ቁመቱ ዜሮ የሆነው ባዶ ቢሆንም ቦታ አለው፣ ከሌላ ጋር ሲዋሐድም ያ ቦታው በውጤቱ ውስጥ ይታሰባል፤ ከዜሮ በታች የሆነው ግን እንደሌለ ይቆጠራል፣ ከሌላ ጋር ሲዋሐድም ውጤቱ የሌላው ቅጂ ብቻ ነው። በአፕል ላይብረሪ ደግሞ ከዜሮ በታች ወርድና ቁመት ያለው ሬክታንግል ሕጋዊ ነው፤ መነሻው 10 እና 10፣ ወርዱና ቁመቱ ከዜሮ በታች 10 የሆነው፣ መነሻው ዜሮና ዜሮ ሆኖ ወርዱና ቁመቱ 10 ከሆነው ጋር ፍጹም አንድ ነው፤ ከተቃራኒው ማዕዘን መቆጠሩ ብቻ ነው ልዩነቱ። አንዱ «የለም» የሚለውን ሌላው «እነሆ» ይለዋል። ሁለቱም ትክክል የሚሆኑት ያሉትን ስለጻፉ ነው።

እንዲሁም አንድ ሜተድ ሬክታንግሉን ራሱን ይለውጠዋል ወይስ አዲስ ይፈጥራል የሚለው ሳይነገር መታለፍ የለበትም። በአንድሮይድ ውስጥ ኢንተርሴክት የሚባለው ሜተድ፣ ሁለቱ ሬክታንግሎች የሚደራረቡ ከሆነ የተጠራበትን ሬክታንግል ወደ ተደራራቢው ክፍል ይለውጠዋል፤ ኢንተርሴክትስ የሚባለው ግን ይደራረባሉ ወይ ብሎ ይጠይቃል እንጂ ምንም አይነካም። በመጨረሻ ባለች አንዲት ፊደል የሚለያዩ ሁለት ስሞች እንዲህ ያለ የሥራ ልዩነት ሲሸከሙ፣ ማብራሪያውን ሳያነብ የተጠቀመ ወጣት ቁጥሮቹ ለምን እንደተለዋወጡበት ሲፈልግ ሌሊቱ ይነጋበታል።

ታዲያ እንዲህ ያለው ማብራሪያ ምን ይመስላል? ረጅም መሆን የለበትም። ተማሪዎቼ አንድ ነጥብ በሬክታንግል ውስጥ መሆኑን ለሚያጣራ ሜተድ የሚከተለውን የመሰለ እንዲጽፉ እጠይቃቸዋለሁ፦

«የተሰጠው ነጥብ በሬክታንግሉ ውስጥ ከሆነ እውነት፣ ካልሆነ ሐሰት ይመልሳል። በግራና በላይ ጠርዝ ላይ ያለ ነጥብ እንደ ውስጥ ይቆጠራል፤ በቀኝና በታች ጠርዝ ላይ ያለ ነጥብ እንደ ውጭ ይቆጠራል። ወርዱ ወይም ቁመቱ ዜሮ የሆነ ሬክታንግል ምንም ነጥብ አይዝም። ሜተዱ ሬክታንግሉን አይለውጥም። ምሳሌ፦ መነሻው 10 እና 20፣ ወርዱ 100፣ ቁመቱ 50 ለሆነ ሬክታንግል፣ ነጥብ 10 እና 20 እውነት ነው፤ ነጥብ 110 እና 30 ሐሰት ነው።»

ይህን ለመጻፍ ጥቂት ደቂቃ በቂ ነው፤ ግን ጸሐፊው መልሱን ማወቅ ይኖርበታል፣ ትልቁ ጥቅምም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ተማሪ «በቀኝ ጠርዝ ላይ ያለ ነጥብ» ብሎ መጻፍ ሲጀምር ብዕሩን አቁሞ ወደ ኮዱ ይመለሳል፤ እስከዚያ ድረስ ያላሰበበትን ነገር ያስብበታል፤ አንዳንዴም ኮዱን ራሱን ያርማል። በምሳሌነት የተጻፉት ቁጥሮችም ጌጥ አይደሉም። ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣው ዶክቴስት የሚባለው መሣሪያ በማብራሪያው ውስጥ የተጻፈውን ምሳሌ አስኪዶ ውጤቱ ከተጻፈው ጋር መግጠሙን ያረጋግጣል፤ ኮዱ ተለውጦ ማብራሪያው ወደ ኋላ ሲቀር ወዲያው ይታወቃል ማለት ነው። ያረጀ ማብራሪያ ጨርሶ ከሌለው ይልቅ ሊያሳስት ስለሚችል ይህን መሣሪያ አጥብቄ እመክራለሁ።

እኛ ጽሑፍ አንጽፍም ብል ግን ሐሰት ይሆንብኛል። በአገራችን ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀርቡ የመመረቂያ ፕሮጀክቶችን ያየ ሰው ጥራዙ ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ ያውቃል፤ የችግሩ መግለጫ፣ የጥናቱ ዓላማ፣ ዩዝ ኬዝ ዲያግራም፣ ሲኩዌንስ ዲያግራም፣ ሁሉም በየምዕራፉ አለ። ጥራዙ በወፍራም ልባስ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ኮዱ ደግሞ በፍላሽ ይሰጣል። ፍላሹን ከፍቶ አንዱን ክላስ የሚያይ ሰው ግን አንድም የማብራሪያ መስመር የማያገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ያን ሁሉ ገጽ የጻፈ ወጣት መጻፍ አይችልም አይባልም። እንዲጽፍ የተጠየቀው ለገምጋሚ እንጂ ኮዱን ለሚረከበው ሰው ስላልሆነ ነው። መምህራን ከጥራዙ ነጥብ ላይ ጥቂቱን ቀንሰው በኮዱ ውስጥ ላለው ማብራሪያ ቢሰጡት፣ ለጥያቄም ከዲያግራሙ ይልቅ «ይህ ክላስ በጠርዙ ላይ ምን ያደርጋል?» ቢሉ፣ ለውጡ በአንድ የትምህርት ዘመን ውስጥ የሚታይ ይመስለኛል።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ልበል። ለዓለም የሚቀርብ ላይብረሪ ማብራሪያው በእንግሊዝኛ መሆኑ አግባብ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ለሚቀር ኮድ ግን፣ ሠራተኞቹ እርስ በርስ የሚግባቡበት ቋንቋ እያለ ሐሳባቸውን በሚያደናቅፋቸው ቋንቋ እንዲጽፉ የሚያስገድድ ምክንያት አይታየኝም። የግዕዝ ፊደል፣ የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር ላይ የሚወከሉበት ደረጃ በሆነው ዩኒኮድ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ተካቷል፤ ፓይተን 3ም የኮድ ፋይልን ያለ ተጨማሪ ትእዛዝ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ ስለሚያነብ በኮዱ ውስጥ አማርኛ መጻፍ ምንም አያግደውም። ጅማ ላይ ብዙዎቻችን በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም እንሠራለን፤ በሁለቱም ቢጻፍ ደስ ይለኛል። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ከተጻፈ ግማሽ መስመር፣ በጠራ አማርኛ ወይም በጠራ አፋን ኦሮሞ የተጻፉ አራት ዓረፍተ ነገሮች ለተረካቢው ይሻሉታል።

የመጨረሻው ጥያቄዬ ሶፍትዌር ለሚያሠሩ መሥሪያ ቤቶች ነው። ሕንፃ ሲረከቡ የመብራትና የውኃ መስመሩን ፕላን አብረው ይጠይቃሉ፤ ሶፍትዌር ሲረከቡ ግን ስክሪኑ መሥራቱን አይተው ይፈርማሉ። በጨረታ ሰነዱ ላይ እያንዳንዱ ክላስና ሜተድ የጽሑፍ ማብራሪያ እንዲኖረው፣ ማብራሪያውም የጠርዝና የባዶ ሁኔታዎችን እንዲሁም የቁጥር ዓይነቱንና የመለኪያ አቅጣጫውን እንዲይዝ የሚል አንቀጽ ይግባ። በርክክቡ ዕለት ደግሞ ኮዱን ያልጻፈ አንድ ባለሙያ ተመርጦ፣ ማብራሪያውን ብቻ አንብቦ ጥቂት ጥያቄዎችን እንዲመልስ ይደረግ፤ መመለስ ካልቻለ የመጨረሻው ክፍያ ማብራሪያው እስኪሟላ ይቆይ። እኛ የምንሠራው ባለሙያዎች መጀመሪያ ላይ ቅር ሊለን ይችላል። ሆኖም ዋጋችንን ስናቀርብ ለዚህ የሚያስፈልገውን ጊዜ አብረን እንድናስብ ያስገድደናል፤ አሁን ማብራሪያውን የምንዘለው በአብዛኛው ማንም ስለማይጠይቀንና ማንም ስለማይከፍልበት ነውና።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ
ከጅማ